አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር፦ ስለ አንጎልና ስለ አስተሳሰብ ምርመራ በሚዛን አማን የቀረበ የሕዝብ ትምህርት



ከመጀመሬ በፊት አንድ ሥራ ልስጣችሁ። በሩ ላይ የተሰጣችሁን ወረቀትና እርሳስ አውጡ። ወረቀቱ መሐል ላይ ክብ ሳሉ። ክቡን የግድግዳ ሰዓት አድርጉትና ቁጥሮቹን በየቦታቸው አስቀምጡ። አሁን ደግሞ ሁለቱን ዘንጎች፣ አጭሩንና ረጅሙን፣ ሳሉና ሰዓቱ አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ እንዲል አድርጉ። አትቸኩሉ፤ እጠብቃለሁ።

የሠራችሁት ነገር የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን በብዙ አገር የነርቭና የአእምሮ ሐኪሞች በየቀኑ የሚጠቀሙበት ፈተና ነው። አሥራ አንድ ከአሥር የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። «አሥር» የሚለው ቃል ሲሰማ ዓይን ወዲያው ወደ 10 ቁጥር ይሳባል። ጤነኛ አንጎል ያንን መሳብ ይገታና «አሥር ደቂቃ ማለት ረጅሙ ዘንግ 2 ላይ ነው» ብሎ ያስባል። የፊተኛው የአንጎል ክፍል የተጎዳበት ሰው ግን መግታት ያቅተዋል፤ ዘንጉን 10 ላይ ይተክለዋል። በአንድ ክብና በሁለት መስመር ማቀድ፣ ማስታወስ፣ ቦታን መለየትና ራስን መግታት አንድ ላይ ይታያሉ።

አሁን የጎረቤታችሁን ወረቀት እዩ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሥዕል እንደሚኖር እገምታለሁ። አንዳንዶቻችሁ አጭሩን ዘንግ 11 ላይ አድርጋችኋል። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ 5 ላይ። ሁለተኞቹ አልተሳሳታችሁም። የእጅ ሰዓታችሁን በፈረንጅ አቆጣጠር ሞልታችሁ በእኛ አቆጣጠር የምታነቡ ሰዎች ናችሁ። ሰዓታችሁ 5 ሲል አፋችሁ አሥራ አንድ ይላል፤ ይህን ስታደርጉ ስለኖራችሁ አይታወቃችሁም። ፈተናውን የሚያርመው ሰው ግን ይህን ካላወቀ፣ ደህናውን ሰው «የማቀድ ችሎታው ተጎድቷል» ብሎ ይጽፍበታል። ያ ወረቀት ደግሞ ፋይል ውስጥ ይገባና ሰውየውን ዕድሜ ልኩን ሲከተለው ይኖራል።

በባለሙያዎች አጠራር ይህ ዘርፍ የኒውሮሳይኮሎጂ ምርመራ ይባላል። እኔ ዛሬ የአንጎልና የአስተሳሰብ ምርመራ እለዋለሁ። ልነግራችሁ የመጣሁት አንድ ነገር ነው። ምርመራው ለዚህ አካባቢ ልጆችና ጎልማሶች በእጅጉ ያስፈልጋል፤ የሚጠቅመው ግን ጠያቂው የተጠያቂውን ኑሮ፣ ቋንቋና ትምህርት አውቆ ሲጠይቅ ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ያዙልኝ።

ሲቲ ስካንና ኤምአርአይ የአንጎልን መልክ ያነሣሉ። ደም ፈስሶ ከሆነ፣ እብጠት ካለ ያሳያሉ። ነገር ግን የአንድ ሰው ምስል ንጹሕ ሆኖ ሳለ፣ ገበያ ተልኮ ከታዘዘው ሦስት ዕቃ አንዱን ብቻ ይዞ የሚመለስ አለ። ምስሉ ላይ ጠባሳ እየታየም ሥራውን ሳያጓድል የሚሠራ አለ። አንጎሉ ምን መሥራት ይችላል የሚለውን ለማወቅ ሰውየውን ቁጭ አድርጎ ማሠራት ያስፈልጋል። ዕቃው ርካሽ ነው፤ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ሰዓት፣ ጥቂት ሥዕሎችና ጥርብ እንጨቶች። ውድ የሆነው ጊዜና የሠለጠነ ሰው ነው። ሙሉ ምርመራ በርካታ ሰዓት ይወስዳል፤ ልጅ ከሆነ በሁለት ሦስት ቀን ይከፋፈላል። በአገራችን በዚህ ሙያ ጠልቆ የሠለጠነ ሰው እጅግ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ሥራው በሳይኮሎጂስቱ፣ በሳይካትሪ ነርሱ፣ በሐኪሙና በመምህሩ መካከል ተከፋፍሎ ይሠራል።

ደኅና መርማሪ በፈተና አይጀምርም። በጨዋታ ነው የሚጀምረው። እናትየውን ይጠይቃል፦ ምጡ ስንት ሰዓት ፈጀ? ልጁ እንደተወለደ አለቀሰ? መቼ ዳኸ፣ መቼ አፉን ፈታ? አንቀጥቅጦት ያውቃል? ጆሮው ይመግላል? ራሱን ስቶ ያውቃል? የቀደሙትን ዓመታት ደብተሮች ያገላብጣል። ሁለተኛ ክፍል ላይ ያምር የነበረ የእጅ ጽሑፍ አራተኛ ክፍል ላይ ከተበላሸ፣ ያ ደብተር ከብዙ ፈተና ይበልጣል። በመሐል አንድ ነገር እንደተከሰተ ይናገራልና። ከዚያ በኋላ ነው ትኩረት፣ ትውስታ፣ ቋንቋ፣ በዓይን አይቶ መረዳት፣ ማቀድ፣ የእጅ ቅልጥፍናና ስሜት በየተራ የሚፈተሹት።

«በየተራ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። እኛ «ጭንቅላት አለው»፣ «ጭንቅላት የለውም» ብለን በአንድ ቃል እንጨርሰዋለን። አንጎል ግን እንደዚያ አይደለም። በ1953 አሜሪካ፣ ሃርትፎርድ ከተማ ውስጥ፣ ሄንሪ ሞላይሰን የሚባል ወጣት ለሚጥል በሽታው የአንጎል ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። የሚጥለው ቀነሰ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን አዲስ ነገር ማስታወስ አቃተው። ብሬንዳ ሚልነር የተባለች ተመራማሪ ስትፈትነው፣ እጁን በመስታወት ብቻ እያየ የኮከብ ቅርጽ እንዲከተል አደረገችው። ሞክሩት፤ እጅ ወደ ግራ ሲባል ወደ ቀኝ ይሄዳል። ሄንሪ ቀን በቀን እየተሻሻለ ሄደ፤ በሦስተኛው ቀን በደንብ ሠራው። ይህን ሥራ ከዚህ በፊት ሠርቶት እንደሚያውቅ ግን ትዝ አላለውም። እጁ ተምሯል፣ እሱ አያስታውስም። ዓለም ትውስታ አንድ ነገር አለመሆኑን የተማረው ከዚህ ሰው ነው። ሄንሪ እስከ 2008 ኖሮ አረፈ።

ይህ የሩቅ ታሪክ እናንተ ደጅ ምን እንደሚሠራ ላሳያችሁ። እስቲ አንድ ማር ቆራጭ በሐሳባችሁ ሳሉ። በሸካ ወይም በቤንች ጫካ ረጅም ቀረሮ ላይ ቀፎ የሚሰቅል ሰው ነው። ወደቀ። ሁለት ቀን ራሱን ስቶ ተኛ፤ ነቃ። ቁስሉ ዳነ። ከስድስት ወር በኋላ ሚስቱ «ባሌ ባሌ አይደለም» ትላለች። ይቆጣል። አንዱን ሥራ ጀምሮ ሌላው ላይ ይሄዳል። የቡናውን ገንዘብ ተቀብሎ በአንድ ቀን አጥፍቶት ይመጣል። ጎረቤት «ሰይጣን ለክፎታል» ይላል፤ ወንድሙ «ሥራ ጠላ» ይላል። ሰውየው ቢመረመር ምናልባት የሚገኘው ይህ ነው፦ የተነገረውን ያስታውሳል፣ ቋንቋው ሙሉ ነው፣ እጁ ቀፎ መሥራት አልረሳም፤ የተጎዳው ማቀድና ራስን መግታት ነው። ይህ ሲታወቅ ምክሩ ይለወጣል። አንድ ሥራ ሳይጨርስ ሌላ አይሰጠው። ቀፎ መሥራቱን ይቀጥል፣ ዛፍ አይውጣ፤ አደጋን የሚመዝነው ክፍል ነውና የተጎዳው። የቡና ሽያጭ ወቅት ገንዘቡን ሚስቱ ትያዝ። ባሏ አልከዳትም፤ ታሟል። ይህን ማወቅ ብቻ ስንት ትዳር እንዳተረፈ የሚያውቁት አብረው የኖሩት ናቸው።

በሞተርና በባጃጅ አደጋ ጭንቅላታቸው ለተመታ ወጣቶችም ነገሩ ያው ነው። ውጫዊው ቁስል ስለዳነ ብቻ መሪ መያዝ ልክ አይደለም። ትኩረቱና ፍጥነቱ መመለሱን መጀመሪያ ማየት ይገባል።

ወደ ልጆች ልምጣ፤ ብዙ የምቆየው እዚህ ነው።

ከቴፒ እስከ በበቃ፣ ከጉራፈርዳ እስከ ጋምቤላ ጫፍ ያለው ቆላ የወባ አገር መሆኑን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። እናንተ «የጭንቅላት ወባ» የምትሉት፣ ልጁ አንቀጥቅጦት ራሱን የሚስትበት፣ ከሁሉም የከፋው ነው። መርፌው በጊዜ ደርሶለት ልጁ ሲነቃ ቤተሰብ «ተመስገን፣ ዳነ» ብሎ እልል ይላል። እውነት ነው፣ ነፍሱ ተርፋለች። ግን በዚያው ያለቀ አይምሰላችሁ። በኡጋንዳ ዋና ከተማ፣ ካምፓላ፣ በሙላጎ ሆስፒታል ከጭንቅላት ወባ የዳኑ ከ5 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆችን ተመራማሪዎች ሁለት ዓመት ተከታትለው ፈትነዋቸዋል። ውጤቱ በ2008 ታተመ። ከዳኑት ልጆች 26 በመቶ ገደማ የሚሆኑት፣ ማለትም ከአራቱ አንዱ፣ ቢያንስ በአንድ የአስተሳሰብ ዘርፍ ጉዳት ነበረባቸው። በዚያው ሰፈር ካደጉ ጤነኛ ልጆች መካከል ግን ይህ የታየው በ8 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ጉዳቱ በብዛት የታየው በትኩረት ላይ ነው።

ትኩረቱ የተጎዳ ልጅ ክፍል ውስጥ ምን ይመስላል? መምህሩ «ደብተራችሁን አውጡ፣ ገጽ ሃያን ግለጡ፣ ጥያቄ ሦስትን ሥሩ» ይላል። ልጁ ደብተሩን አወጣ። ገጹን ሊጠይቅ ወደ ጎረቤቱ ዞረ። መምህሩ ሲዞር አየው፤ «አትረብሽ!» አለው። ይህ በቀን አሥር ጊዜ፣ በዓመት ሁለት መቶ ቀን ሲሆንበት ልጁ ስለ ራሱ አንድ ነገር ያምናል፦ «እኔ ሰነፍ ነኝ።» ያን ልጅ የመረመረው ሰው ግን ቁጥሮች ሲነገሩት ከአራት በላይ እንደማይዝ፣ ሥዕል ካየ ግን ከእኩዮቹ እኩል እንደሚያስታውስ ቢያገኝ፣ ለመምህሩ የሚጽፈው ወረቀት ግማሽ ገጽ አይሞላም፦ ፊት ለፊት ይቀመጥ፤ አንድ ትእዛዝ ብቻ በአንድ ጊዜ ይሰጠው፤ ሰሌዳው ላይ ይጻፍለት፤ ፈተና ላይ ጊዜ ይጨመርለት። ይህ ገንዘብ አያስወጣም። ስሙን ከ«ሰነፍ» ወደ «የጭንቅላት ወባ ያለፈበት ልጅ» መለወጥ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ከወባ ቀጥሎ የሚጥል በሽታ አለ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በመስቃንና ማረቆ ገጠር ቤት ለቤት ዞረው ከ60,820 ሰዎች መካከል ከሺው አምስት ሰው የሚጥል በሽታ እንዳለበት በ1990 አሳተሙ። በአገራችን በዚህ ስፋት ከተሠሩት ቀዳሚ ጥናቶች አንዱ ነው። የእኛ አካባቢ ደግሞ ተጨማሪ ነገር አለው። ጥቁር ዝንብ የምታስተላልፈውና ቆዳን የሚያሳክከው ኦንኮሰርኪያሲስ እዚህ ሥር የሰደደ በመሆኑ ሜክቲዛን የሚባለውን መድኃኒት ካፋና ሸካ ላይ ማደል የተጀመረው በ2001 ነው። ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የወጡ ጥናቶች ኦንኮሰርኪያሲስ በበረታበት ወንዝ ዳር በልጅነት የሚጀምር የሚጥል በሽታም እንደሚበዛ አሳይተዋል። ስለዚህ የሚታደላችሁን ክኒን «ቆዳዬን አያሳክከኝም» ብላችሁ አትለፉት።

የሚጥልበት ልጅ ትምህርት ሲከብደው ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል። በሽታው ራሱ ሊሆን ይችላል። ሲጥለው ወድቆ ጭንቅላቱ ተመትቶ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱም ሊሆን ይችላል፤ በየጤና ጣቢያው በብዛት የሚሰጠው ፊኖባርቢታል ሕይወት ያተርፋል፣ በአንዳንድ ልጅ ላይ ግን እንቅልፍና መፍዘዝ ያመጣል። አለዚያም «ይተላለፋል» ተብሎ ብቻውን ስለሚቀመጥ፣ የሚያጫውተው ስለሌለው ሊሆን ይችላል። እነዚህን አራቱን መለየት የሚቻለው በምርመራ ነው። አደራ የምለው ግን መድኃኒቱን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ ነው፤ ድንገት ማቋረጥ ልጁን ሊገድለው ይችላል። ጸበል የምትወስዱትም ውሰዱ፤ ክኒኑን ግን ይዛችሁ ሂዱ።

አሁን ወደ ቋንቋ ልግባ፤ እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝ እሱ ነው።

በሰፊው ከሚሠራባቸው የትውስታ ፈተናዎች አንዱ አሥራ አምስት ቃላትን አምስት ጊዜ እያነበቡ ሰውየው ስንቱን እንደያዘ መቁጠር ነው። በእንግሊዝኛው ዝርዝር ውስጥ ካሉት ቃላት አንዱ «ቡና» ነው። ለለንደን ሰው ቡና ከአሥራ አምስቱ አንዱ ነው። ለቴፒ ሰው ግን ቡና ልብስ ነው፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው፣ ሠርግ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ቢረሳ እሱን አይረሳም። እንግዲህ ይህን ዝርዝር እንዳለ ተርጉመን ብንሰጥ የምንለካው ትውስታን ነው ወይስ ኑሮን?

ይህ ቀላሉ ነው። የቤንች ቋንቋ አምስት የድምፅ ከፍታ እርከን አለው፤ የሸኮ ቋንቋ አራት። ተናጋሪዎቹ እናንተ ናችሁና ታውቁታላችሁ፤ ፊደሉ አንድ ሆኖ ድምፁ ከፍ ወይም ዝቅ በማለቱ ብቻ ቃሉ ሌላ ይሆናል። ከሌላ አገር የመጣ መርማሪ ቃሉን ከወረቀት ላይ እያነበበ ለልጁ ሲናገር፣ እሱ ያለውና ልጁ የሰማው ቃል ሁለት ናቸው። ልጁ የሰማውን በትክክል ይመልሳል። መርማሪው ኤክስ ያደርግበታል። በአስተርጓሚ ይሁን ቢባል፣ አስተርጓሚው ብዙ ጊዜ አጎቱ ወይም የግቢው ጥበቃ ነው፤ ልጁን ስለሚወደው ጥያቄው ላይ ፍንጭ ጨምሮ ያስተላልፋል። ይህ ክፋት የለበትም፣ ፍቅር ነው። ውጤቱ ግን የልጁ ብቻ መሆኑ ይቀራል፤ የአጎቱም ይሆናል።

የቁጥሩ ፈተናስ? «ሰባት፣ ሁለት፣ ዘጠኝ፣ አራት፤ ድገምልኝ» የሚለው ከቋንቋ ነፃ ይመስላል። አይደለም። በ1980 በታተመ ጥናት ዌልስኛና እንግሊዝኛ ሁለቱንም የሚችሉ ሰዎች በዌልስኛ ሲጠየቁ ያነሱ ቁጥሮች ይዘው ተገኙ። የዌልስኛ ቁጥሮች ለመናገር ስለሚረዝሙ ነው፤ ረጅም ቃል አፍ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይወስዳል፣ እስኪባል የፊተኛው ይጠፋል። ስለዚህ የለንደን ልጅ የያዘውን ቁጥር ከሚዛን ልጅ መጠበቅ የተለያየ ርዝመት ያለው ገመድ ሰጥቶ የጉድጓድ ጥልቀት እንደመለካት ነው።

ንባብም እንዲሁ ነው። እዚህ ያለ ልጅ የአፍ መፍቻ ቋንቋውን በላቲን ፊደል፣ አማርኛን በግዕዝ ፊደል ይማራል፤ በላዩ ላይ እንግሊዝኛ ይመጣል። ከሀ እስከ ፐ 33 ረድፍ በ7 ሲባዛ 231 ፊደል ነው። «ሐገር» ብሎ የጻፈ ልጅ በድምፅ አልተሳሳተም፤ ሀ፣ ሐ እና ኀ ዛሬ በአፋችን አንድ ናቸው። ያ የአጻጻፍ ደንብ አለማወቅ ነው። ነገር ግን ዓመት ሙሉ በደንብ ተምሮ፣ ጆሮውና ዓይኑ ታይቶ ደኅና ሆኖ፣ በሚናገረው ቋንቋም ቢሆን «ቡ» እና «ቢ»ን መለየት የሚያቅተው ልጅ ካለ፣ እዚያ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ንባብ የሚከብደው ብሩህ ልጅ አለ፤ ያልተማረ ልጅም አለ፤ ሰሌዳውን ማየት የተሳነው ልጅም አለ። ሦስቱም ፈተና ላይ ዜሮ ያመጣሉ። እባካችሁ መምህራን፣ ስለ አንጎል ከማውራታችሁ በፊት ዓይንና ጆሮ ይታይ።

ስለ ራሴ አንድ ስህተት ልናገር። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ስሟን በማልጠራት ከተማ፣ አንዲት አሮጊት እናት መረመርኩ። «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» አልኳቸው። አላወቁም። «አሁን ወቅቱ ምንድን ነው?» ስላቸው «ዝናብ» አሉኝ፤ ጥር ነበርና ስህተት ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ተጠላልፈው የተሳሉ ባለአምስት ማዕዘን ቅርጾች አሳይቼ «ይህን ይሳሉልኝ» ብዬ እርሳስ ሰጠኋቸው። እርሳሱን እንደ ዘነዘና ጨብጠው ወረቀቱ ላይ ጫኑት፤ ጫፉ ተሰበረ። እሳቸው ደንግጠው «ይቅርታ ልጄ፣ ሰበርኩብህ» አሉ። ያመጡት ነጥብ ከባድ የመርሳት በሽታ ካለበት ሰው ነጥብ ጋር እኩል ነበር፤ እኔም እንደዚያው ጻፍኩ። ከሰዓት በኋላ ልጃቸው መጣች። «እማዬ የሰፈሩን ዕቁብ ዕዳ በቃሏ ትይዛለች። ባለፈው ለቅሶ ማን ምን ይዞ እንደመጣ ትቆጥርልሃለች። የመጣነው ጭንቅላቷን ስለሚያማት ነው» አለችኝ። ወጥቼ ሳይ ዝናቡ እየወረደ ነው። በዚህ አገር በጥርም ይዘንባል። የጻፍኩትን ቀደድኩት፤ እኚያን እናት ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ። ያቺ የተሰበረች የእርሳስ ጫፍ ግን እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለች።

ይህ የእኔ ብቻ ጥፋት አልነበረም። ያ ፈተና በ1975 አሜሪካ ውስጥ ሲዘጋጅ የታሰበው እርሳስ ይዞ ላደገ ሰው ነው። ከዚያም በፊት፣ በ1931ና በ1932፣ አሌክሳንደር ሉሪያ የተባለ ሩሲያዊ ተመራማሪ ኡዝቤኪስታን ሄዶ ያልተማሩ ገበሬዎችን ጠይቆ ነበር፦ በረዶ ባለበት በሰሜን አገር ድቦች ሁሉ ነጭ ናቸው፤ እንዲህ የምትባል ቦታ እዚያ ሰሜን ናት፤ እዚያ ያሉት ድቦች ምን ዓይነት ናቸው? ገበሬዎቹ ያላየነውን አንናገርም የሚል መልስ ሰጡት። እኔ እነዚህን ገበሬዎች አከብራቸዋለሁ። በሸንጎ ፊት ያላየውን የመሰከረ ሰው በእኛስ ዘንድ ምን ይባላል? ትምህርት ቤት የሚያስተምረው አንዱ ነገር፣ ያላዩትን እንዳዩ አድርጎ ማሰብን ነው። ያንን ያልተማረ ሰው ማሰብ አይችልም ማለት አይደለም።

ታዲያ ያልተማሩ አረጋውያንን እንዴት እንመርምር? 10/66 የሚባል የተመራማሪዎች ቡድን ለዚህ መንገድ አበጅቷል። ስሙን ያገኘው፣ የመርሳት ችግር ካለባቸው ሰዎች 66 በመቶው በታዳጊ አገሮች ሳሉ ከምርምሩ ግን 10 በመቶ እንኳ የማይደርሰው ስለእነሱ መሆኑን ለመናገር ነው። መንገዳቸው ሰውየውን ከመፈተን ጎን ለጎን በደንብ የሚያውቀውን ሰው መጠየቅ ነው። የወረቀቱን ፈተና ያልተማረ ይወድቀዋል፤ የተማረ ሰው ደግሞ በሽታው እያለበት ያልፈዋል። ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤቱ የሚመለስበት መንገድ የሚጠፋበት ጡረታ የወጣ መምህር የሰዓቱን ሥዕል አሳምሮ ሊስል ይችላል። ሁለቱንም የሚያጋልጠው የቤት ሰው ነው።

የእኛን ሰው ስንጠይቅ በእኛ ኑሮ እንጠይቅ። ጨሞ የምታፈላ እናት ካለች፣ የቡና ቅጠሉን፣ ዝንጅብሉን፣ ሚጥሚጣውን፣ ጨውን የምትጨምርበት ቅደም ተከተል አለ። «እናትሽ ጨሞውን እንደ ድሮው ታፈላለች? ጨው ሁለት ጊዜ ትጨምራለች? ጥዳው ረስታ ትሄዳለች?» ብላችሁ ልጅቱን ጠይቁ። ለቡና ገበሬው ደግሞ «እሸቱን ከጀንፈሉ ይለያል? ዋጋ ሲያስሉበት ይከተላል? ላበደረው ሰው ረስቶ ሁለተኛ ያበድራል?» በሉ። ከአምና እስከ ዘንድሮ የተለወጠ ነገር ካለ መልሱ እዚያ ውስጥ አለ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ባል ሞቶባት ወይም ልጅ ሞቶባት ያዘነች ሴትም ትረሳለች። ኀዘንና ድብርት መርሳት ያመጣሉ፤ እነሱ ደግሞ ይድናሉ። «ጃጅታለች» ብላችሁ አትተዋት።

የልጆችን ፈተና ወደ ራስ ኑሮ ማምጣት እንደሚቻል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ጅማ ላይ ተሠርቷል። ዴንቨር የሚባለው የሕፃናት ዕድገት መመዘኛ በ1967 አሜሪካ ውስጥ ወጥቶ በ1992 ተሻሻለ። 125 ጥያቄዎች አሉት፤ ከእነሱ መካከል ሕፃኑ ለቁርሱ ሲሪያል ያዘጋጃል ወይ፣ ካርታ ይጫወታል ወይ የሚሉ አሉ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መመዘኛውን ወደ ሁለት የአገር ቋንቋ መልሰው፣ 36ቱን ጥያቄዎች ከአካባቢው ኑሮ ጋር አስማምተው፣ ገና ከተወለዱ ጀምሮ ስድስት ዓመት እስኪጠጉ ያሉ 1,597 ጤነኛ ልጆችን መዘኑ። በ2016 ታተመ። በ42 ጥያቄዎች ላይ የጅማ ልጆች የቻሉበት ዕድሜ ከአሜሪካዎቹ ጎልቶ ተለየ። ይህ ማለት ያለዚያ ሥራ፣ በአሜሪካው ሚዛን ብቻ ብንመዝን ኖሮ፣ አንዳንዱን ጤነኛ ልጅ «ዘገየ» እንል፣ አንዳንዱን እርዳታ የሚያስፈልገውን ደግሞ «ደኅና ነው» እንል ነበር። ጅማ የቻለውን ሚዛን የማይችልበት ምክንያት አይታየኝም። በሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ ወጣቶች፣ ቤንችኛ፣ ሸክኛ፣ ካፊኛ፣ መኤኒትኛ ከእናታችሁ አፍ የተማራችሁ፣ ይህን ሥራ ከእናንተ የተሻለ የሚሠራው ሰው ከየትም አይመጣም።

ለምርመራ ልጃችሁን ወይም አባታችሁን ወደ አማን፣ ወደ ጅማ ወይም ወደ አዲስ አበባ ስትወስዱ፣ የቆዩ ደብተሮችን፣ የሆስፒታል ወረቀቶችንና የሚወስደውን መድኃኒት ከነዕቃው ያዙ። ቀን ከሌት አብሮት የሚውል ሰው አብሮ ይሂድ። ልጁ ተኝቶ፣ በልቶ ይቅረብ፤ ሌሊቱን በመኪና ሲንገላታ ያደረ ልጅ ትኩረቱ ቢለካ የሚለካው መንገዱ ነው። «ፈተና ነው» አትበሉት፤ «የሚቀልህንና የሚከብድህን ለማወቅ ነው» በሉት። ሲያልቅ ደግሞ ባለሙያውን በምትሰሙት ቋንቋ እንዲያስረዳችሁ ጠይቁ። አንድ ቁጥር ብቻ ሰጥቶ ካሰናበታችሁ አልጨረሰም። የሚችለው ምንድን ነው፣ የሚያቅተው ምንድን ነው፣ ምክንያቱ ምን ይመስላል፣ ነገ ጠዋት ቤት ውስጥና ክፍል ውስጥ ምን እናድርግ፤ እነዚህን አራት መልሶች የማግኘት መብት አላችሁ። አልፍሬድ ቢኔ የተባለ ተመራማሪ በ1905 ፓሪስ ላይ የመጀመሪያውን የልጆች መመዘኛ ሲያወጣ የተጠየቀው ልዩ እርዳታ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች እንዲለይ ነበር። ልጁን ለመርዳት ያልዋለ ውጤት ከተሠራበት ዓላማ ወጥቷል።

ጥያቄዎቻችሁን አሁን እቀበላለሁ። ከዚያ በፊት ግን ያንን ወረቀት መልሳችሁ አውጡ። ከሰዓቱ ጀርባ ላይ ዕድሜያችሁን፣ እስከ ስንተኛ ክፍል እንደተማራችሁና ከእናታችሁ የተማራችሁትን ቋንቋ ጻፉ። መጻፍ ለሚከብደው አጠገቡ ያለ ሰው ይጻፍለት። ስም አትጻፉ። ለመስጠት የፈቀደ ስትወጡ በሩ ላይ ባለው ካርቶን ውስጥ ያኑርልኝ፤ ስንቱ 11 ላይ፣ ስንቱ 5 ላይ እንዳደረገ ዛሬ ማታ እቆጥራለሁ።